ካንዴላው የረጠበው ከላይ ነበር

ሱሉልታ ቤት ሠርተን ስንገባ ያላሰብኩበት ነገር አቀበቱ ነው። ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤት፣ በቀን ሁለቴ እንጦጦን መሻገር። ለዓይን ደስ ይላል፤ ባህር ዛፉ፣ ጉሙ፣ ከወዲያ ማዶ ሜዳው ላይ የሚታየው የድርቆሽ ክምር። ኮሮላዬ ግን በፈረንጆቹ 1997 የተሠራች አሮጊት ናት። 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ ካንዴላዎቿ፣ ማለትም ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰጡት፣ ሞተሩ አናት ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተተከሉ።

አምና ክረምት መግቢያ ላይ ከአዲሱ ገበያ በላይ ማሳል ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ ትንገጫገጫለች፣ ስቆም ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚቆየውን ዝግ ዙር) አትይዝም፣ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። መጀመሪያ ከፍታውን ወነጀልኩ። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳልና ቤንዚን የሚበላ ሞተር ሁሉ ይደክማል። እውነት ነው፣ ግን ከፍታው ትናንት የመጣ አይደለም። እሷም አቀበቱን ሳታስል ሁለት ዓመት ወጥታዋለች።

ሰፈራችን አቅራቢያ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የካንዴላ ገመዶቹን ነቀለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጎማቸው እስከ አንገቱ ዘይት ጠጥቷል። አንዱን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ፣ «ይኸው፣ ፋሻ ጨርሳለች። ሞተር ይውረድ፣ ሬቲፊካ ትግባ» አለኝ፤ በፒስተኖቹ ዙሪያ ያሉት ዘይት ከልካይ ቀለበቶች አልቀዋል፣ ሞተሩ ወርዶ ሲሊንደሮቹ እንደገና ይጠረቡ ማለቱ ነው። የነገረኝ ዋጋ የአምስት ወር ደመወዜ ነው። ሽጬ ልገላገላት እንዳልል፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ኮሮላ የሸጠ ሰው ሌላ አሮጌ ኮሮላ የሚገዛው ብር ጨምሮበት ነው።

ስለዚህ አራት ካንዴላ ገዝቼ ራሴ ልቀይር ተነሳሁ። ካንዴላ መፍታት ምን ያቅታል ብዬ። ያቃተኝ መፍታቱ አልነበረም። ጉድጓዱ ውስጥ የተኛውን ዘይት ሳልቀዳ 16 ቁጥር የካንዴላ ቁልፌን ሰድጄ ፈታሁት። ዘይቱ የት ይሂድ? በተከፈተለት ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ወረደ። አዲሶቹን አስሬ ሳስነሳት በማርሚታዋ የወጣው ጭስ ግቢውን ሞላው። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወጣች፣ ጎረቤት «እሳት ነው እንዴ?» እያለ በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ። እኔ ደግሞ ያን ጭስ ሳይ «መካኒኩ ልክ ነበር» ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። የገዛ እጄን ሥራ ለእሷ በሽታ ምስክር አደረግኩት። ዕድለኛም ነበርኩ፤ የወረደው ዘይት በዝቶ ቢሆን ኖሮ ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል ሞተሩን ሊሰብር ይችል ነበር።

በአጥሩ ካዩን ጎረቤቶች አንዱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገቡ።

«የነቀልከውን ካንዴላ አምጣልኝ እስቲ፣ ልጄ።»

ሰጠኋቸው።

«የረጠበው ከላይ ነው ከታች?»

«ጋሼ፣ ሁለመናው ዘይት ነው።»

«ሁለመናው አይባልም» አሉና ሲወጣ የነካውን ዘይት በጨርቅ ጠረጉለት። እሳት የሚሰጠው ጫፉ ሲጠረግ ቡናማ ነው፣ የተጋገረ ጥቁር ነገር የለበትም። ከላይ ያለው ነጩ ሸክላ ግን በዘይት ወይቧል። «ፋሻ ሲያልቅ ዘይት የሚመጣው ከታች ነው። እዚያው ይቃጠላል፣ ጫፉ ላይ ይጋገራል። ይሄኛው ከላይ የወረደ ነው። የቫልቭ ሽፋኑን አውልቅና እየው።»

ማታ መብራት አጥፍተን ኮፈኗን ከፍተን አስነሳናት። በጨለማው ውስጥ ሁለተኛው ገመድ ሥር ሰማያዊ ብልጭታ ይዘላል። ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ጫፍ ድረስ መውረዱን ትቶ፣ ዘይት ባበሰበሰው ጎማ በኩል ወደ ብረቱ ያቋርጣል። አቀበት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር እሳቱ ጫፉ ላይ መዝለል ይከብደዋል፣ በአቋራጩ የሚሄደውም የዚያን ጊዜ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ሆና እንጦጦ ላይ የምታስለው ለዚህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የተከደነው የቫልቭ ሽፋን ሥሩ በሙሉ ዘይት የሚረጭበት ነው። የካንዴላዎቹ ቱቦዎች ደግሞ ያንን ዘይት መሃል ለመሃል አቋርጠው በሽፋኑ በኩል ይወጣሉ። ዘይቱን ከጉድጓዱ የሚለየው በእያንዳንዱ ቱቦ ዙሪያ ያለ አንድ ክብ ጎማ ብቻ ነው። ያ ጎማ ዓመታት በሙቀት ተቀቅሎ ሲደርቅ ቱቦውን መጭመቁን ይተዋል፣ ዘይቱም በጥቂት በጥቂቱ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። መሬት ላይ ጠብታ አታይም፤ ጉድጓዱ እየጠጣው ነውና። (ላቫጆ ላይ ሞተር ስታሳጥቡም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ ምልክቱም አንድ ዓይነት ነው። ውሃ ግን ይደርቃል።)

ለዕቃው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልናገር። «የቫልቭ ሽፋን ጓርኒሲዮን» ብለህ ከጠየቅክ የሚሰጡህ ዙሪያውን የሚሄደውን ትልቁን ጎማ ነው። አራቱ ክቦች ብቻቸውን ይሸጣሉ። ትልቁን ቀይረው «ዘይቱ አልቆመም» የሚሉ ሰዎች አራቱን ክቦች ሳይነኩ የከደኑ ናቸው። የዳዶዎቹ (የሽፋኑ ማሰሪያ ብሎኖች) ሮንዴላ ጎማም አብሮ ይገዛ፤ ሽፋኑን እኩል የሚጫነው እሱ ነው። ባለሱቁን ኦሪጅናል ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው «የየትኛውን አገር ኦሪጅናል ፈለግክ?» አለኝ። በጥፍሬ እየተጫንኩ መረጥኩ፦ ለስላሳና ተመላሽ የሆነውን ያዝኩ፣ እንደ ጫማ ሶል የሚገግመውን መለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ጀመርን። ገመዶቹ ላይ ከ1 እስከ 4 ቁጥር በፕላስተር ለጠፍኩ፤ የዚህ ሞተር የእሳት ተራ 1-3-4-2 ነው፣ ከተምታታ ከሰዓቱን የምታሳልፈው ሰው በመጥራት ነው። ከፋርማሲ የገዛሁትን ትልቅ ስሪንጅ በቀጭን የግሉኮስ ቱቦ ቀጥዬ ከየጉድጓዱ ዘይቱን መጠጥኩ። ከሦስተኛው የወጣው ብቻውን አንድ የቡና ስኒ ይሞላል። የቀረውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አደረቅሁት። በሕይወቴ ካንዴላ ከመፍታቴ በፊት ይህን ሳላደርግ የምቀር አይመስለኝም።

ሽፋኑ ተጣብቆ እምቢ አለ። ካቻቢቴ ልሰካበት ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አዲስ ጓርኒሲዮንም አያድነውም። በእንጨት ጎኑን መታ መታ ስናደርገው ለቀቀ። አሮጌዎቹ ክብ ጎማዎች እንደ ብስኩት እየተሰበሩ ወጡ። ሽፋኑን በነጭ ጋዝ አጠብነው (ቡና የሚፈላበትን ከሰል ከግቢው ካስወጣን በኋላ)፣ የጓርኒሲዮኑን ቦይ በቀርከሃ ስንጥር ጠረግነው። የመጀመሪያውን አዲስ ክብ በጣቴ ገፍቼ አጣመምኩት። የቀሩትን ልኩ የሆነ ቡሶላ (ክብ የቁልፍ ራስ) ደግፌ ቀስ እያልኩ በእኩል አስገባኋቸው፤ ከንፈራቸውንም ዘይት ቀባሁት፣ ደረቅ ጎማ ቱቦው ላይ ሲንሸራተት ይቀደዳልና።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ብቻ ነው። ጋሼ ቡና ሊጠጡ ገብተው ሳለ ማሸጊያ ሲሊኮኑን ዙሪያውን እንደ ኬክ ክሬም አዞርኩት። ሲመለሱ ራሳቸውን ያዙ። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይቆረጥና የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ሊደፍን ይችላል። «ጎማው ጎማ ነው፣ ማጣበቂያ አይፈልግም። እዚህና እዚህ ብቻ» ብለው የካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) መያዣ ሽፋኖች ከቴስታታው ጋር የሚገናኙባቸውን፣ ጠፍጣፋው ወደ ቅስት የሚዞርባቸውን ማዕዘኖች አሳዩኝ። እኔ ተናድጄ ሁሉንም ፋቅሁት፣ ማዕዘኖቹንም ጭምር፣ መልሼ ሳልቀባም ከደንኩ። በሳምንቱ አዲሱ ገበያ መብራት ላይ ስቆም የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ከማዕዘኑ የሚወጣው ዘይት ግለቱ ገና ያልበረደው የጭስ ማውጫ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። እንደገና ማውለቅ፣ ሁለት ጠብታ ሲሊኮን፣ እንደገና መክደን።

ስለ ማጥበቅ። የጎማ ዳዶ የለመደ እጅ እዚህ አይሠራም። የሽፋኑ ዳዶ የሚፈልገው 6 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ በሁለት ጣት አንጓ የሚጠብቅ ያህል፣ ያውም ከመሃል ጀምሮ በየተራ። ካንዴላው 18 ኒውተን ሜትር ነው፣ መጀመሪያ በባዶ እጅ እስኪደርስ እየተሽከረከረ ከገባ በኋላ። ኃይል የሚለካውን ቁልፍ ለአንድ ቀን ተዋስኩት። ዘይት የጠጡትን ገመዶች ግን ለማዳን ሞክሬ አልሆነልኝም። በነጭ ጋዝ ታጥበው አስር ቀን ሠሩ፣ ከዚያ ብልጭታው ተመለሰ፤ አራቱንም ቀየርኩ።

ጋሼ ግን ጥያቄ አላለቀባቸውም። «ጎማው አረጀ፣ ይሁን። ዘይቱን የገፋው ማን ነው?» ከሽፋኑ ላይ የሞተሩን ትንፋሽ ወደ አየር ማስገቢያው የምትመልሰውን ትንሿን ቫልቭ ነቅለው ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቋት። ደህና ስትሆን ውስጧ የምትንቀሳቀሰው መዝጊያ ትንኳኳለች። የእኔዋ ጭጭ ብላለች፣ በዝቃጭ ተደፍናለች። ሞተሩ መተንፈሻ ሲያጣ ውስጡ ግፊት ይጠራቀምና ደካማውን ጎማ ፈልጎ ይወጣል። እሷን ባንቀይር ኖሮ አዲሶቹ ክቦችም ዕድሜ አይኖራቸውም ነበር። ከገዛሁት ሁሉ ርካሿ ዕቃ እሷ ነበረች።

ሞተሩ አልወረደም። አቀበቱን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች። ማታ ማታ ሥሯ ካርቶን አነጥፋለሁ፤ በሳምንት አንድ ጠብታ ይታያል፣ ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢዩተሩ ጎማ የሚመጣ ነው። ጎማዋን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፣ የሱሉልታ ዝናብ አንድ ቅዳሜ እስኪሰጠኝ።