በክሮኒ የሰዓት ማረጋገጫ ቁልፍ የምተክልበት መንገድና ያስተማረኝ

ኤንቲፒ (ማሽኖች በኔትወርክ ሰዓታቸውን የሚያመሳስሉበት ስምምነት፤ ክሮኒ ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ነው) ሰዓት የሚያመላልሰው በዩዲፒ ፖርት 123 ሲሆን፣ ተራው ፓኬት ከማን እንደመጣ የሚያሳይ ምንም ማረጋገጫ የለውም። በመንገዱ ላይ የተቀመጠ ሰው የሰርቨሩን መልስ ቀይሮ የማሽኑን ሰዓት ወዳሻው ሊገፋው ይችላል። ሰዓት ሲዛባ የሰርተፍኬት ማብቂያ ቀን፣ የከርቤሮስ (የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት) መግቢያና የሎግ ቅደም ተከተል አብረው ይዛባሉ። በሁለቱም ወገን ያለ አንድ የጋራ ቁልፍ ይህን ይዘጋል፤ ፓኬቱን ግን አይመሰጥርም። ሰዓት ደግሞ ሚስጥር ስላልሆነ አያስፈልገውም።

ቁልፉን በእጄ አልፈጥርም። ሰርቨሩ ላይ በክሮኒ ማዘዣ በክሮኒሲ «ክሮኒሲ ኪይጀን 10 ኤኢኤስ128» ስል በቁልፍ ፋይሉ ውስጥ የሚገባውን ሙሉ መስመር ያወጣልኛል፦ መለያ ቁጥር 10፣ የስልቱ ስም፣ ከዚያ «ሄክስ» የሚል ቃልና ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎም 32 የሄክሳዴሲማል ፊደላት። ኤምዲ5 የተባለው የድሮ ስልት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ግን አሮጌ ራውተር ካላስገደደኝ አልነካውም። በ2019 የወጣው አርኤፍሲ 8573 (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ) በእሱ ፈንታ ኤኢኤስ ሲማክን ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለሁሉም ክላየንት አንድ ቁልፍ ማደል ብዙ ቦታ የማየው ስንፍና ነው። ቁልፉ የጋራ ስለሆነ፣ የያዘው ክላየንት ሁሉ ሰርቨሩን መስሎ ለሌሎቹ የሐሰት መልስ መላክ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን የየራሱን መለያና ቁልፍ እሰጣለሁ፤ ሰርቨሩ ሁሉንም ይይዛል፣ ክላየንቱ የራሱን ብቻ። የማስተላልፈው በኤስኤስኤች ነው እንጂ በኢሜይል ወይም በቻት አይደለም። የፋይሉን ባለቤት ሩት፣ ግሩፑን ክሮኒ፣ ፈቃዱን 640 አደርጋለሁ። በዴቢያን የግሩፑ ስም ከፊቱ የስር መስመር እንዳለው ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሰርቨሩ ኮንፊግ ውስጥ የቁልፍ ፋይሉን አድራሻ የሚያሳይ የ«ኪይፋይል» መስመር ይበቃል። ክላየንቱ ላይ ከዚሁ መስመር ሌላ በሰርቨሩ አድራሻ መጨረሻ «ኪይ 10» ይጨመራል። ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማረጋገጫ የሚጠይቀው ክላየንቱ ነው እንጂ ሰርቨሩ አይደለም፤ ሰርቨሩ በቁልፍ ለመጣ ጥያቄ በቁልፍ፣ ያለ ቁልፍ ለመጣ ያለ ቁልፍ ይመልሳል። «ኪይ 10» የምትለው ከተረሳች ሰዓቱ በደንብ ይመሳሰላል፣ ሎጉም ንጹሕ ነው፣ ጥበቃ ግን የለም። ስለዚህ ክላየንቱ ላይ «ኦዝሴሌክትሞድ ሪኳየር» የሚለውንም እጨምራለሁ፤ ያኔ ያልተረጋገጠ የኤንቲፒ ምንጭ በጭራሽ አይመረጥም።

ለማጣራት «ክሮኒሲ ኦዝዳታ» ብቻውን አያስተማምንም። ሞዱን «ኤስኬ» (የጋራ ቁልፍ)፣ መለያውን 10፣ ዓይነቱን 13 (ኤኢኤስ128)፣ ርዝመቱን 128 ቢት ብሎ ያሳያል፤ ይህ ግን ምን እንደተዋቀረ እንጂ ሰርቨሩ መቀበሉን አይነግርም። የማምነው በሩት ሆኜ «ክሮኒሲ ኤንቲፒዳታ» ስል «ኦቴንቲኬትድ» የሚለው መስመር «የስ» ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ክላየንቱ ላይ ከቁልፉ አንድ ፊደል ቀይሬ ዴሞኑን ሪስታርት አደርጋለሁ። በ«ክሮኒሲ ሶርስስ» ውስጥ የመጨረሻዎቹን ስምንት ጥያቄዎች መልስ የሚመዘግበው «ሪች» የሚለው ዓምድ 0 ላይ መቅረት አለበት። ወደ 377 (ስምንቱም ተመልሰዋል ማለት ነው) መውጣት ከጀመረ ቁልፉ ጭራሽ ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው።

ትክክለኛው ቁልፍ ገብቶም «ሪች» 0 ላይ ከቆመ መጀመሪያ ሎጉን አያለሁ፤ የቁልፉ መለያ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ክሮኒ በግልጽ ይጽፈዋል። ሎጉ ዝም ካለ ሰርቨሩ ላይ ፓኬቶችን በሚያሳየው በቲሲፒደምፕ ፖርት 123ን እከታተላለሁ። ተራው ፓኬት 48 ባይት ነው፤ በዚህ ቁልፍ ግን 4 ባይት መለያና 16 ባይት ማረጋገጫ ተጨምሮበት 68 ይሆናል። 68 ባይቱ ሰርቨሩ ጋ እየደረሰ መልስ ከሌለ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የቁልፍ አለመመሳሰል ነው። ጭራሽ ካልደረሰ ደግሞ በመሃል ያለ ፋየርዎል ከ48 በላይ የሆነውን እየጣለ ሊሆን ይችላል።

ቁልፉ ተመሳሳይ መስሎ የማይመሳሰልበት የተለመደ ምክንያት አንደኛው ወገን ኤንቲፒዲ የተባለው ሌላ የኤንቲፒ ፕሮግራም ሲሆን ነው። ኤንቲፒዲ ከ20 ፊደል የሚረዝመውን ቁልፍ ራሱ በሄክስ ያነበዋል፤ ክሮኒ ግን «ሄክስ» ካልተባለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል። የስልቱንም ስም ክሮኒ «ኤኢኤስ128» ሲለው ኤንቲፒዲ «ኤኢኤስ128ሲማክ» ይለዋል። በኤንቲፒዲ በኩል «ትረስትድኪይ 10» የሚል መስመርም ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ቁልፉ ፋይሉ ውስጥ ቢኖርም አይታመንም።

ቁልፍ ስቀይር የድሮውን አልሰርዝም። አዲሱን በመለያ 11 በሁለቱም ፋይሎች እጨምርና ሰርቨሩ ላይ «ክሮኒሲ ሪኪይ» እላለሁ፤ ሪስታርት አያስፈልግም። ክላየንቱን ወደ 11 አዙሬ «የስ» ካየሁ በኋላ 10 ይጠፋል።

በ2020 በአርኤፍሲ 8915 የወጣው ኤንቲኤስ (ቁልፍን በራሱ የሚያከፋፍል የኤንቲፒ ጥበቃ) ክላየንት በበዛበት ይሻላል፤ ቁልፍ በእጅ ማደል ይቀራል። ነገር ግን በሰርተፍኬት ላይ ስለሚቆም፣ የሰዓት ባትሪው ሞቶ ሲነሣ ዓመቱን የሚስት ማሽን ሰርተፍኬቱን ላይቀበል ይችላል። የጋራ ቁልፍ ማብቂያ ቀን ስለሌለው ይህ አያሠጋውም።

ቁልፍ የማይከላከለው አንድ ጥቃት አለ፦ ፓኬቱን ሳይነኩ ማዘግየት። ፊርማው ትክክል ሆኖ ሳለ ሰዓቱ እስከ ደርሶ መልስ ጊዜው ግማሽ ድረስ ሊሳት ይችላል። ክሮኒ እስከ 3 ሰከንድ መዘግየትን በዝምታ ይቀበላል። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባለ ኔትወርክ የሰርቨሩ መስመር ላይ «ማክስዲሌይ 0.05» እጨምራለሁ፤ ስህተቱ ከ25 ሚሊሰከንድ አያልፍም።