የአንዲት ብር ልዩነት

በቡና መኸር ወቅት አንድ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። ገበሬው ጠዋት ለቅሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ከመምጣቱ በፊት ግን ስልኩን አንስቶ የሦስት የቡና መፈልፈያ ሳይት ዋጋ ጠይቋል። እኔ ከወዲያኛው በኪሎ አንድ ብር ካነስኩ ቡናውን የጫነችው አህያ የእኔን በር አልፋ ትሄዳለች። በትውውቅ የሚቀር የለም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልቀርም።

ጌዴኦ ዞን፣ ኮቸሬ አካባቢ ከወንድሜ ጋር አነስተኛ የእሸት ቡና መፈልፈያ አለን። እሱ ማሽኑንና ሠራተኛውን ይይዛል፤ እኔ ሂሳቡንና ገዢዎቹን። በቅርቡ አዲስ አበባ ስብሰባ ተጋብዤ ነበር። ተናጋሪው ሁሉ አካባቢን የሚጠብቅ ንግድ ተወዳዳሪ ይሆናል ይላል። ምሳው ጥሩ ነበር። ንግግሩም ውሸት አይደለም። ግን ማን፣ መቼ እንደሚከፍል አንድም ሰው ሳያነሳው ተበተንን። ቤት ገብቼም አልወጣልኝ ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

ከውሃው ልጀምር። እሸቱ ማታ ይፈለፈላል። ቀዩ ገለፈት በአንድ በኩል ይወጣል፤ ፍሬው ዝልግልግ ነገር እንደለበሰ ገንዳ ይገባና ሁለት ቀን ገደማ ይብላላል። ከዚያ በቦዩ እየተገፋ ይታጠባል። ያ ዝልግልግ ስኳር የበዛበት ነው፤ ሲብላላ ደግሞ ይኮመጥጣል። ውሃው እንዳለ ወንዝ ከገባ በወንዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በኅዳር ከመፈልፈያ በታች ወንዝ ዳር የሄደ ሰው ሽታውን አይረሳውም። ከብት አይጠጣውም። የታጠበበትን ሰው ያሳክከዋል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ተከታታይ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሳለፉ ማቆየት፣ ኖራ መጨመር፣ ከታች ቬቲቨር ሳር መትከል። ዝልግልጉን እየፋቀ የሚያወጣ፣ ውሃ በብዙ እጥፍ የሚቆጥብ ማሽንም አለ። እሱ ግን የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለላኪ ጥሩ ነው ተባለ፤ እውነትም ጥሩ ነው። ማሽኑና መለዋወጫውም አብረው ወጡ። በዚያ ላይ ገዢዎቻችን የይርጋጨፌን የአበባና የሎሚ ቃና ያመጣው ማሽኑ የሚያስቀረው ማብላላት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ጉድጓዱን መረጥን።

ጉድጓድ ሲሉት ቀላል ይመስላል። መሬት ይበላል። ደለሉ በየዓመቱ ይጠረጋል። ልጅና ጥጃ እንዳይገባበት አጥር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ደግሞ መኸር ከመግባቱ በፊት ነው፤ ልክ የእሸት መግዣ ብር በምናሰባስብበት ሰዓት። ሂሳቡን ላሳያችሁ። አንድ ኪሎ ለውጭ የሚላክ የታጠበ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ እሸት ላይ የተጨመረች አንዲት ብር ኮንቴይነሩ ላይ ስትደርስ ከ115 ሺህ ብር በላይ ሆናለች። የእኛ የጉድጓድ ማስጠረጊያ፣ የኖራና የአጥር ወጪ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ውሃውን ወደ ወንዝ የሚለቅ ሰው ይህን ወጪ አያውቀውም። በኪሎ አንድ ብር የሚጨምረው ከዚያ ነው።

“ታዲያ ንጹሕ ቡና ጥሩ ዋጋ ያመጣል አይደል?” ትሉ ይሆናል። ያመጣል። ጥያቄው መቼ ነው። እሸት የምንገዛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በጥሬ ገንዘብ ነው። ከዚያ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል፣ መጋዘን ይቆያል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይበጠራል። ናሙና ይላካል። ገዢው ቀምሶ እስኪመልስ እንጠብቃለን። ውል ይፈረማል፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ይወርዳል። ገንዘቡ ሲገባ ግንቦት ወይም ሰኔ ነው። በመሃል ወለዱ እየቆጠረ ነው፤ ያውም ብድሩ ከተገኘ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሻይ ጋብዞ በባዶ እጅ ይሸኘን ጀመር።

ሌላም አለ፤ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ የማይነገር። ለዓመታት ዶላር ሲጠፋ ቡና የሚልኩት ሁሉ ከቡናው ሊያተርፉ አልነበረም። ቡናውን በኪሳራ ሽጦ ባገኘው ዶላር ዕቃ አስመጥቶ እዚያ ላይ የሚያካክስ ብዙ ነበር። እንዲህ ካለው ሰው ጋር እሸት ላይ ተወዳደሩ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? እሱ የሚፈልገው ዶላሩን ነው። ቡናው ቢጣፍጥ፣ ወንዙ ቢሸት ግድ የለውም። ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ነገር መቀነሱን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ ወንዞቻችን ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ይህ የተሻለ የሠራ ይመስለኛል። ምንዛሪው የተለቀቀው ለወንዝ ተብሎ ባይሆንም።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው። ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና እነሱ ገበያ አይገባም። እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በካርታ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር ካልበለጠ አንድ ነጥብ ይበቃል። ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ወደ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል። ገዢያችን ግን አልጠበቀም፤ ነጥብ ላኩ አለን። ስልክ ይዘን ጓሮ ለጓሮ ዞርን።

የጌዴኦን ጓሮ ያላየ ሰው ካለ፣ ከታች ቡና ነው፣ መሃል እንሰት፣ ከላይ ዋንዛና ብርብራ። ሰማይ አይታይም። ስልኩ ሳተላይት ማግኘት አቃተው። አብሮን ያለው ልጅ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ እንሰቱ መሃል ቆመ። ባለቤቱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆመው አዩት።

“ልጄ፣ መሬቴን ለምንድን ነው የምትለኩት? ግብር ሊጨመር ነው?” አሉኝ።

“አይደለም አባባ። ፈረንጆቹ ዛፍ አለመቁረጥዎን ማወቅ ፈልገው ነው።”

ቀና ብለው ብርብራውን አዩ። “ታዲያ መጥተው አያዩትም?”

ልጁ ሳቀ፤ የያዘው ነጥብም ጠፋበትና እንደገና ጀመረ።

ደንቡን አልቃወምም። ደን እየተመነጠረ ቡና የሚተከልበት ቦታ በዓለም ላይ አለ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ግን ሰው በብዛት ሰፍሮበት፣ ዛፉ፣ እንሰቱና ቡናው አብረው በመኖራቸው ነው እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው። እዚህ ያለ ገበሬ ጥፋት እንዳልሠራ ማስመስከሪያውን ከኪሱ ይክፈል ሲባል ነው የሚከብደኝ። እርግጥ የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም አለንበት። የስልክ፣ የልጁ አበል፣ የሞተር ነዳጅ። ይህም ከመኸር በፊት ነው።

ኦርጋኒክ የሚባለውም ያው ነው። አብዛኛው የአካባቢያችን ገበሬ ኬሚካል ነክቶ አያውቅም፤ የምስክር ወረቀት ስለሌለው ግን ጭማሪ ዋጋ አያገኝም። አዲሱ የአውሮፓ ደንብ ደግሞ በአንድ የገበሬዎች ቡድን ውስጥ ከ2,000 አባል በላይ አይፈቅድም። ብዙ አባል ያላቸው ማኅበራት ተከፋፍለው እንደ አዲስ መመዝገብ ነበረባቸው። ይህን ብዙ ባልተነትነው ይሻላል፣ ቁጣዬ ይነሳል።

ያለ ክርክር የተሳካልን ገለፈቱ ነው። ድሮ የትም ይከመርና ዝንብ ይሰበስብ ነበር። አሁን ከአፈርና ከእበት ጋር እያገላበጥን እናበሰብሰዋለን። መጀመሪያ የሚወስደው ሰው አጣን። አንዲት ሴትዮ ለእንሰታቸው ወሰዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ጆንያ ይዘው መጡ። ያመጣልን ደግሞ ያላሰብነውን ነው። ኮምፖስት የወሰዱት ሰዎች ዋጋችን ትንሽ ዝቅ ባለበት ቀንም እሸታቸውን ለእኛ አመጡ። ወንድሜ “አንዲቷን ብር በጆንያ መለስንላቸው” ይላል።

ለወረዳው አካባቢ ጥበቃ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉድጓድ የሌለው ሳይት የዓመቱ ግዢ ሲከፈት ፈቃድ አይሰጠው። እኛም ብንሆን። ግዢው ከተከፈተ በኋላ መጥቶ መቅጣት ዋጋ የለውም፤ ቅጣቱ ከአንዲት ብር ያንሳል፣ እሸቱም ተገዝቷል።

ለገዢያችንም ባለፈው ሳምንት ጻፍኩ። ዋጋ ጨምሩ አላልኩም። ለጥራትና ለንጽሕና ብላችሁ በሰኔ የምትከፍሉንን ጭማሪ ግማሹን በቅድሚያ ክፍያ በጥቅምት ላኩልን አልኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ የሂሳብ ክፍላችንን እንጠይቅ ብለው መለሱ። እሸት የሂሳብ ክፍልን አይጠብቅም፤ ከመስከረም በፊት ቁርጡን ንገሩን ብዬ ልኬላቸዋለሁ።