ሁለት ሩፒ

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሕንዱን ፊልም «ማዘር ኢንዲያ»ን ከፈትኩ። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ነበር ያየሁት። እናቴ ሂንዲ አንድ ቃል አታውቅም። ግን ባለታሪኳ ገበሬ ራዳ በሬ አጥታ ማረሻውን ራሷ ስትጎትት፣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርግ ነበር። እኔም እሷን አይቼ አለቀስኩ።

አሁን ሳየው አንጀቴን ያቃጠለኝ አራጣው ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከ500 ሩፒ ነው። አማቷ ለሠርጉ የተበደሩት። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለአበዳሪው ፈረዱለት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከምርቱ ከአራት እጅ ሦስቱ ወለድ ሆኖ ይሄዳል። ስንት ገበሬ ቤት ነው እንዲህ የፈረሰው?

ዳይሬክተሩ መህቡብ ካን ፊልሙን ያወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሕንድ ነፃ በወጣች በ10 ዓመቷ። ስሙ ራሱ መልስ ነው። በ1927 ካትሪን ሜዮ የተባለች አሜሪካዊት በዚሁ ርዕስ ሕንዶችን የሚያዋርድ መጽሐፍ ጽፋ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ያረጀችው ራዳ አዲስ የመስኖ ቦይ ትመርቃለች። የመጀመሪያው የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የኔህሩ ዘመን ተስፋ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግድብ፣ ቦይ፣ ትራክተር።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል። በአራጣው ላይ የተነሳው ልጇ ቢርጁ ነው። እሱ የአበዳሪውን ልጅ ሲጠልፍ ገዛ እናቱ በጥይት ትገድለዋለች። ውኃው ደግሞ የመጣው ከመንግሥት ነው። ገበሬዎቹ ራሳቸው ተሰባስበው ያደረጉት ነገር የለም።

ለዚህ ነው መሰለኝ የዳይሬክተር ሺያም ቤኔጋል ፊልም «ማንታን» ይበልጥ ልቤ ውስጥ የቀረው። ማንታን ማለት መናጥ ነው። የሕንዷ ጉጃራት ግዛት ወተት አምራቾች ዋጋ ከሚሰብርባቸው ነጋዴ ተላቀው የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ያሳያል። እዚያም ቢሆን ነገሩ አልጋ በአልጋ አይደለም። በትውልዳቸው ተንቀው «አይነኬ» የሚባሉት ድሆች ከመንደሩ ሹም እኩል ድምፅ ሲኖራቸው ሰፈሩ ይታመሳል።

ፊልሙ የወጣው በ1976 ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው ፕሬሱን አፉን በዘጉበት ወቅት። ገንዘቡን ያዋጡት ግን 500,000 ገበሬዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ። የፊልሙ መግቢያ ላይ አቅራቢዎቹ እነሱ መሆናቸው ተጽፏል። ጽሑፉ ላይ ስደርስ አቁሜ ደግሜ አነበብኩት።

ፊልሙ ሲወጣ ገበሬዎቹ በጭነት መኪና ተጭነው ከተማ ገቡ። ፊልማቸውን ሊያዩ።