ሙን ሪቨር ዘፈን ነው ወይስ እንጉርጉሮ?

ዕቃ ሳጥብ አንጎራጉራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ የወጥ ድስት እየፈተግኩ የተለመደችውን ዜማ ስጀምር፣ የ16 ዓመት ልጄ ከሳሎን ብቅ አለች።

«እማ፣ የፍራንክ ኦሽንን ዘፈን ከየት አወቅሽው?»

«የማንን?»

«የፍራንክ ኦሽንን ነዋ። ሙን ሪቨርን።»

ድስቱን ከነአረፋው አስቀመጥኩት። እጄን ጠራርጌ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና ስልኩን ተቀበልኳት። እስከ እኩለ ሌሊት አንድ ዘፈን በስምንት ሰው አፍ ስንሰማ አመሸን። የወሩ የኢንተርኔት ጥቅላችን ግማሹ በዚያች ማታ አለቀ።

እኔ ሙን ሪቨርን ያወቅኩት በካሴት ኪራይ ዘመን ነው። ፒያሳ አካባቢ ከነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ለአንድ ሌሊት ተብሎ የተሰጠኝን ካሴት ሦስት ቀን አቆይቼ ተቀጥቻለሁ። ከቅጂ ላይ የተቀዳ ስለነበር ምስሉ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ፊልሙ በ1961 የወጣው «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ብሌክ ኤድዋርድስ ያዘጋጀው፣ ኦድሪ ሄፕበርን የተወነችበት። እናቴ በሳሎን ስታልፍ ቆም ብላ አየቻትና «ይቺ መቀሌ ሕፃናቱን ልትጎበኝ የመጣችው አይደለችም?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ኦድሪ የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና መጀመሪያ የሄደችው ወደ እኛ አገር ነው፤ በ1988፣ በረሃቡ ጊዜ። እናቴ ተዋናይ መሆኗን ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

ስለ ፊልሙ ብዙ አልልም። ሚኪ ሩኒ ጃፓናዊ ጎረቤት ሆኖ የሠራው ነገር ዛሬ ሲታይ ያሳፍራል። እኔን ይዛ ያስቀረችኝ አንዲት ትዕይንት ናት።

ኦድሪ የምትጫወታት ሆሊ ፀጉሯን ታጥባ በፎጣ ጠቅልላዋለች። ያ ሁሉ ጥቁር ቀሚስና ጌጥ የለም፤ ጂንስና ሹራብ ነው የለበሰችው። መስኮቷ ላይ፣ የእሳት አደጋ ማምለጫው ደረጃ ጋ ተቀምጣ ጊታር እየነካካች ሙን ሪቨርን ትዘፍናለች። ለማንም አይደለም የምትዘፍነው። ከላይ ያለው ደራሲ ጎረቤቷ ታይፑን ትቶ በመስኮት ቁልቁል ያያታል። ስትጨርስ ቀና ብላ ታየዋለች። ምን እየሠራህ ነው? እየጻፍኩ። ጥሩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ድምፅዋ ትንሽ ነው። አንዳንዱ ቃል ላይ ሳሳ ይላል፣ ትንፋሽ ብቻ ይቀራል። ያኔ ካሴቱን ወደ ኋላ እያጠነጠንኩ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ምክንያት ነበረኝ።

በዚያ ጊዜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ አልቶ ነበርኩ። አልቶ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ዋናው ዜማ ሁልጊዜ የሌላ ሰው የሆነበት ሰው ማለት ነው። ከፍ ያለው ድምፅ አይወጣልኝም። ለፋሲካ ስንለማመድ መሪያችን ጠጋ አለና «አንቺ እዚህ ጋ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አለኝ። ቀስ ብሎ፣ በትህትና ነው ያለው። ትህትናው ነው የባሰብኝ። እዚያች ቦታ ላይ ሁለት ፋሲካ ሙሉ አፌን ብቻ አንቀሳቅሻለሁ።

ስለዚህ የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ሄንሪ ማንቺኒ ይህን ዜማ እንዴት እንደሠራው በኋላ ሳነብ ነገሩ የራሴ ጉዳይ መሰለኝ። ማንቺኒ ኦድሪ በ1957 «ፋኒ ፌስ» በሚለው ፊልም ውስጥ ስትዘፍን ሰምቷታል። የት ድረስ እንደምትወጣና የት እንደምትወርድ ያውቃል። ከአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ካለው ርቀት፣ ብዙም አታልፍም። ዜማውን በዚያችው ልክ ሰፋው። አስቦ አስቦ ለማግኘት አንድ ወር ፈጀበት፣ ለመጻፍ ግን ግማሽ ሰዓት በቃው። እስቲ ዜማውን በሶልፌጅ፣ በዶ ሬ ሚ፣ ሞክሩት። ከሶል ወደ ሬ አንድ እርምጃ ሰፋ አድርጎ ይነሳና ወዲያው ወደ ዶ ይመለሳል። ወንዝ በዝላይ አይደለም፣ ድንጋይ እየረገጡ መሻገር ነው። ቀሚስ በልክ ሲሰፋ አውቃለሁ። ዘፈን በአንድ ሰው ልክ ሲሰፋ ያየሁት እዚህ ነው።

የሚገርመው፣ ያ ልክ የተሰፋለት ድምፅ ከፊልሙ ውጭ ለረጅም ጊዜ አልተሰማም። ፊልሙ ለሙከራ ከታየ በኋላ አንድ የፓራማውንት ኃላፊ ዘፈኑ ይውጣ ብሎ ነበር። ደግነቱ አልወጣም። ግን በ1961 የወጣው የፊልሙ ሙዚቃ አልበም ላይ የኦድሪ ድምፅ የለም፤ በአልበም የወጣው እሷ ከሞተች በኋላ ነው፣ በ1993። በ1964 ደግሞ «ማይ ፌር ሌዲ» በሚለው ፊልም ላይ አብዛኛው ዘፈኗ ተነሥቶ የዘፋኟ የማርኒ ኒክሰን ድምፅ ገባበት። ኦድሪም በተራዋ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ ተባለች ማለት ነው።

ሜዳው ባዶ ስለሆነ ሌሎቹ ገቡበት።

ከልጄ ጋር መጀመሪያ የከፈትነው አንዲ ዊልያምስን ነው። ዘፈኑ ኦስካር ባገኘበት የ1962 ሥነ ሥርዓት ላይ የዘፈነው እሱ ነው። ነጠላ ዘፈን አድርጎ አውጥቶት ባያውቅም፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራሙን በዚሁ ይከፍት ስለነበር ለብዙ አሜሪካዊ ሙን ሪቨር ማለት አንዲ ነው። ድምፁ ያማረ ነው፣ ውሸት አይወራም። አንዲት ኖታ አትንሸራተትበትም። ቫዮሊኖቹ ከኋላ እንደ ሐር መጋረጃ ይወርዳሉ። ልጄ ሁለት ደቂቃ ሰማችና «ይሄ ሰውዬ እኮ ምንም አልቸገረውም» አለች። ከዚህ የተሻለ ትችት አላነበብኩም። ዘፈኑ ወንዝ ፊት ቆሞ አንድ ቀን እሻገርሃለሁ የሚል ሰው ነው። አንዲ ግን በድልድይ ተሻግሮ፣ ጫማው ሳይርጥብ፣ ከማዶ ሆኖ ነው የሚዘፍነው።

ጄሪ በትለር በ1961 ነው ያወጣው። ሶል የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሰው ነው፣ ከቺካጎ፣ ድምፁ ወፍራም ነው። ስትሰሙት ተሻግሮ ያልመጣ ሰው መሆኑ ይታወቃችኋል። ዳኒ ዊልያምስን ደግሞ እስከዚያ ማታ ድረስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ከፖርት ኤልሳቤጥ። በ1961 መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የሆነው የእሱ ሙን ሪቨር ነው። በአፓርታይድ ዘመን ከዚያ አገር ወጥቶ «ዓለምን ለማየት ስለወጡ ሁለት ተንከራታቾች» የሚዘፍን ሰው ምን እያሰበ ይሆን ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ። ልጄ «ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ። ድጋሚ ክፈችው አልኳት።

ሲናትራም ዘፍኖታል። ሲናትራ ያልዘፈነው ምን አለ? ስትራይሳንድም እንዲሁ። የስትራይሳንድን ስሰማ የድሮው ኳየራችን ሶፕራኖዎች፣ እነዚያ ከፍ ያለው ድምፅ የሚወጣላቸው፣ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ፤ ቀየርነው።

ሉዊ አርምስትሮንግ ጋ ስንደርስ ግን ልጄ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ያ የጠጠር ድምፅ! ወንዙን እንደ ጎረቤቱ ነው የሚጠራው። የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው፣ ሚሲሲፒ ዳር ያደገ፤ ወንዝ ለእሱ ሕልም ሳይሆን ሠፈር ነው። ቆንጆ ዘፋኝ አይደለም በሚለው መለኪያ ከሄድን አርምስትሮንግና ኦድሪ አንድ ወገን ናቸው። ሁለቱም ያላቸውን ድምፅ ይዘው ነው የመጡት፤ ሌላ አልተበደሩም።

እዚህ ላይ ልጄን አማርኛ ላስተምር ተነሣሁ። ዘፈን አለ፣ እንጉርጉሮ አለ አልኳት። ዘፈን ሰሚ ይፈልጋል። እንጉርጉሮ ጥጥ ስትፈትዪ፣ ቡና ስትቆዪ፣ ልጅ ስታስተኚ ከአፍሽ የሚወጣ ነው። ሰው ከመጣ ይቋረጣል። ኦድሪም ጨርሳ ሰውየው እንዳያት ስታውቅ አልደገመችውም። ድሃ ሆና የጀመረች፣ ስሟን የቀየረች ሆሊ ብቻዋን ስትሆን የምታወጣው ድምፅ ነው። የቀሩት ከእንጉርጉሮ ዘፈን ሠሩ። ከአርምስትሮንግ በስተቀር። እሱ ጨዋታ ነው የሠራው።

«ቡና ስትቆዪ አይባልም፣ ስትቆይ ነው» አለች ልጄ። «ስትቆዪማ ስትዘገዪ ነው።» ተከራከርን። እስካሁን አልተፈታም።

ግጥሙን የጻፈው ጆኒ መርሰር ነው፣ የሳቫና ጆርጂያ ሰው። መጀመሪያ «ብሉ ሪቨር» ነበር ያለው፤ ርዕሱ በሌላ ዘፈን ስለተያዘ ቀየረው። በኋላ በቤቱ አጠገብ ያለው ውኃ በዘፈኑ ስም ተጠራለት። ለእኔ ለዓመታት የከበደችኝ ግን «ሃክልቤሪ ፍሬንድ» የምትለዋ ናት። ሃክልቤሪ ጫካ የሚበቅል ጠቆር ያለ ትንሽ ፍሬ ነው፤ መርሰር በልጅነቱ ይለቅመው ነበር። እና አንድ ቀን በራልኝ፦ የአጋም ጓደኛዬ! አጋምን ሁላችንም የምናውቀው «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» በሚለው ተረት ነው፤ እሾሁ ስሙን አጠፋው። ፍሬው ግን ጥቁር ወይን ጠጅ፣ ከንፈር የሚያቀልም ነው። ሰበታ አያቴ ጋ ክረምት ስንወጣ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ክንዳችን ተቧጭሮ፣ ምላሳችን ጠቁሮ ነበር የምንገባው። እሷ አሁን ሲያትል ናት።

በመጨረሻ የልጄን ሰውዬ ከፈትነው። ፍራንክ ኦሽን በ2018 በፍቅረኛሞች ቀን የለቀቀው ነው። ጊታር አለ፣ ከዚያ የራሱ ድምፅ በራሱ ድምፅ ላይ ተደራርቧል። አንዱ ቀጭን የሕፃን ይመስላል፣ አንዱ ወፍራም። ቃሉንም እዚህም እዚያም ነካክቶታል። ልጄ «እንጉርጉሮ ማለት ይሄ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ሰው እያንጎራጎረ ራሱን አያጅብም ባይ ነኝ። እንጉርጉሮ አጃቢ የለውም። «ቀናሽበት» አለችኝ። ይሆናል። ራሱ ሶፕራኖ፣ ራሱ አልቶ፤ ማንም ዝም በል አላለው።

በማግስቱ ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ላክሁላት። ቃል የለውም፣ ዜማው ብቻ፣ ከታች ጀምሬ፣ በእኔ ልክ። ዕቃ እያጠብኩ ስለነበር ውኃውም አብሮ ተቀድቷል። ሲያትል ሌሊት ነበር፤ መልሷ የመጣው ከሰዓት ነው።

«ዜማዋን አወቅኳት» ትላለች። «ድስቱን ግን ቀስ አድርጊው።»