መኪናዬ ዳገት ላይ ለምን እንደምትሞት ተገኘ
ሰላም ወዳጆች፣ መኪናዬ ሰሞኑን ሜዳ ላይ ደህና ነች፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር እየተንቀጠቀጠች ጉልበት ታጣለች፣ ከኋላ ታክሲው ክላክስ ያደነቁረኛል። ከፍታው ነው ያሉኝ ነበሩ፣ እውነት ነው አየሩ ሲሳሳ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል፣ ግን እንዲህ አያንቀጠቅጥም። ካንዴላ ቀይር ኮይል ቀይር (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ዕቃዎች ናቸው) የሚለኝም አልጠፋም።

ዛሬ የሰፈራችን መካኒክ (ልጅ ነው ግን እጁ ይባረክ) ምንም ሳይቀይር መጀመሪያ ነዳጅ መስመሩ ላይ ጌጅ (የነዳጁን ግፊት የሚለካ) አሰረ፣ ቆማ ስትሰራ ግፊቱ 3 ባር፣ ነዳጅ ሲሰጣት ግን መርፌዋ ከ2 በታች ወረደች። "ጋሼ፣ ነዳጅ እየደረሳት አይደለም" አለኝ። የኋላውን ወንበር አንስቶ ፖምፓውን ከታንከሩ ሲያወጣው ፊልትሮው እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል፣ ታንከሩ ስርም ውሃና ዝቃጭ ተኝቷል። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ታንከሩን አጠበ፣ እንደገና ሲለካው ነዳጅ ቢሰጣትም መርፌዋ ከ3 ባር ንቅንቅ አላለችም።

በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ሳይለኩ ዕቃ እያስቀየሩ የሰው ብር የሚያስጨርሱት ያናድዱኛል። እባካችሁ መኪናችሁ ጉልበት ካጣች መጀመሪያ የነዳጅ ፕሬዠር (ግፊት) አስለኩ፣ ቼክ ኢንጂን (ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) አልበራም ብላችሁም አትተዉት፣ የኔም አልበራም ነበር።