ከአጥሩ በፊት ሕዝቡን ማየት

ዝግጅቶችን በማስተባበር ሥራዬ፣ የአጥር ኪራይ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ሕዝቡ በቦታው ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ መጠየቅን ልማድ አድርጌያለሁ። በባንክ አዳራሽ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው፣ ቀበቶው የሚሳብ ምሰሶ ይበቃል፤ ምሰሶው አቅጣጫ ያሳያል እንጂ ግፊት አይችልም።

በመስቀል አደባባይ ለሚጀመር የጎዳና ሩጫ ግን እርስ በርሱ በመንጠቆ የሚያያዝ የብረት አጥር ያስፈልጋል። የአጥር እግር ወደ ሯጮቹ መንገድ ወጥቶ አንድ ልጅ ሲያደናቅፍ ካየሁ ወዲህ፣ ቢወደድም ጠፍጣፋ እግር ያለውን እመርጣለሁ።

ይኸው አጥር ለሙዚቃ ድግስ መድረክ ፊት አይሆንም፤ ከኋላ የሚመጣው ግፊት በቀላሉ ይጥለዋል። ለመድረክ የሚሠራው አጥር ከሥሩ ሰፊ የብረት ወለል ስላለውና ከፊት ያለው ተመልካች በዚያ ላይ ስለሚቆም፣ የሚገፋው ሕዝብ ራሱ በክብደቱ አጥሩን ይዞ ያቆመዋል። ይህን ብልሃት መጀመሪያ ሳየው ተገርሜ ነበር።

በስታዲየም ደግሞ ከጥንካሬ ይልቅ መውጫው ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ ሼፊልድ፣ በሂልስቦሮ ስታዲየም፣ በመጨናነቅ ለተያዙት ደጋፊዎች ወደ ሜዳው ማምለጫ የከለከላቸው ጠንካራው አጥር ነበር፤ በአደጋው 97 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ወደ ሜዳ የሚከፈት በር የሌለውን አጥር አልቀበልም።

ለጥምቀት በዓል፣ ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ፣ ብረት ማቆም አይታየኝም፤ እጅ ለእጅ የተያያዙ ወጣቶች ከሰልፉ ጋር እየተራመዱ የሚሠሩትን አጥር የሚተካ ዕቃ በኪራይ ቤት አላገኘሁም።