ዘይቱ ዱቄት፣ ዱቄቱ ወተት እስኪሆን

ሥራዬ ቫይታሚን ኤ የያዘ የሰሊጥ ዘይትን ወደ ዱቄት መቀየር ነበር። ዱቄቱ ደግሞ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ወተት መምሰል አለበት። ዘይት በጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ውሃ ውስጥ ሲበተን ኢመልሽን ይባላል፤ ይህን ዱቄት ደግሞ እኛ ፋርማሲ የተማርን ሰዎች ደረቅ ኢመልሽን እንለዋለን። ከሱቅ የምንገዛው የዱቄት ወተት የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እዚያ የስቡን ጠብታ አቅፎ የሚይዘው የወተቱ ፕሮቲን ነው። እኔ ያንን የማቀፍ ሥራ ለፖሊመር ሰጠሁት።

እንደ ትዊን 80 ያሉ፣ ዘይትን ከውሃ የሚያስማሙ ትናንሽ ሞለኪውሎች ጠብታውን ቶሎ ይሸፍናሉ። ሽፋናቸው ግን ስስ ነው። ውሃው ሲወጣና ጠብታዎቹ ሲጠጋጉ እርስ በርስ ሊዋሃዱ ይችላሉ። ፖሊመር ረጅም ሰንሰለት ስለሆነ ጠብታው ጋ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው። ከደረሰ በኋላ ግን ወፍራም ልብስ ይሆናል፤ ሲደርቅም ልብሱ አይወልቅም።

የመረጥኩት ሃይፕሮሜሎስ የሚባለውን ፖሊመር ነው፤ በዱቄት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ዘረገፍኩት። በችኮላ እንደተበጠበጠ ሽሮ ጓጎለ፤ ውጪው ሙልጭልጭ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አማሰልኩት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ለካ ይህ ነገር ከስኳር ተቃራኒ ነው፤ የሚሟሟው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ላይ እየነሰነሱ ይበትኑታል፣ ከዚያ ቀዝቃዛውን ይጨምሩበታል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ በቂ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ጠዋት ጥርት ብሎ ይገኛል፣ አረፋውም ይወርዳል።

ሁለተኛው ስህተቴ ወፍራሙን ዓይነት መግዛቴ ነው። ተልባ ሲበጠበጥ እያየሁ ስላደግኩ ይሆናል፣ ፈሳሹ በወፈረ ቁጥር ዘይቱን አጥብቆ የሚይዝ መሰለኝ። ሆሞጂናይዘሩ፣ ዘይቱን ወደ ጥቃቅን ጠብታ የሚሰባብረው ማሽን፣ እዚያው ባለበት ይሽከረከር ነበር እንጂ ጠብታውን አልሰባበረውም። ማወፈር ሌላ፣ ማቀፍ ሌላ። ቀጭኑን አመጣሁና ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 5 ግራም ፖሊመርና 10 ግራም ዘይት ላይ ረጋሁ።

የግራር ሙጫም ሞክሬያለሁ። ከመርካቶ ገዝቼ፣ ቅርፊቱንና አሸዋውን ለቅሜ በሙቀጫ ሠራሁት። 4 እጅ ዘይት፣ 2 እጅ ውሃ፣ 1 እጅ ሙጫ፤ የፋርማሲ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት ቀመር ናት። ዘነዘናው ሲዞር ቆይቶ ድምፁ ይለወጣል፤ ጠቅ ጠቅ ማለት ሲጀምር ኢመልሽኑ ነጣ ማለት ነው። ያንን ድምፅ ሁሌም እወደዋለሁ። ለቫይታሚን ኤ ግን ተውኩት። ሙጫው ውስጥ ፐሮክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ቫይታሚኑን ሊያበላሽብኝ ይችላል። እሱን ለማጥፋት የሚመከረው 100 ዲግሪ ላይ ማሞቅ ነው፤ እዚህ ከተማ ደግሞ በክፍት ዕቃ የሚፈላ ውሃ 100 አይደርስም። አውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያሞቅ ዝግ ዕቃ ውስጥ፣ መግባት ነበረበት፣ እኔ ደግሞ ጊዜ አልነበረኝም።

ዋናው ፈተና ማድረቁ ነበር። ቤተ ሙከራችን ከቸርችል ጎዳና ፈቀቅ ብሎ ነው፣ አንድ አሮጌ ፍሪዝ ድራየር፣ አቀዝቅዞ የሚያደርቅ ማሽን፣ አለን። ኢመልሽኑን ከሃይፕሮሜሎሱ ሌላ ምንም ሳልጨምር ሳደርቀው ሲነኩት ዘይት ዘይት የሚል ስፖንጅ ሆነ። ጠብታዎቹን የሚሸከም ዱቄት ያስፈልገዋል ብዬ ማኒቶል የሚባል የስኳር ዘመድ ጨመርኩ። እንደ ጥጥ ነጭ፣ የሚያምር ዱቄት ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳሁት። ቤተ ሙከራውን ለረጅም ዓመት የያዙት ጋሼ ጠጋ ብለው አዩና፣ “አንቺ ልጅ፣ ውበቱ ምን ያደርግልሻል? ውሃ አጠጪው እንጂ” አሉኝ። አጠጣሁት። ዘይቱ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅባት ክብ ክብ እየሠራ ወጣ።

ማኒቶል ሲቀዘቅዝ ክሪስታል የመሥራት ጠባይ አለው፤ ያኔ ጠብታዎቹን ለያይቶ የሚጠብቅ ነገር አይኖርም። ከስታርች የሚሠራው ማልቶዴክስትሪን ግን እንደ መስታወት ረግቶ በመካከላቸው ይቀራል። 15 ግራም አድርጌ ለወጥኩት። ዱቄቱ እንደ በፊቱ አያምርም፣ ትንሽ ይሻክራል። ውሃ ሲያገኝ ግን በደቂቃ ውስጥ ወተት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዱቄት ውሃ ሳላጠጣ አላወራለትም።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ጀኔሬተሩም አልተነሳም። ጠዋት ስደርስ ናሙናው ግማሹ ቀልጦ ጠርሙሱ ግርጌ ተጣብቋል። የሁለት ሳምንት ልፋቴ ነበር፤ አለቀስኩ። ማድረቁ ከ24 ሰዓት በላይ ስለሚወስድ አሁን ጀኔሬተሩን በዓይኔ ሳላይ አልጀምርም፣ ሁሉንም ናሙና በአንድ ጊዜም አላስገባም። ክረምቱም ሌላ ጣጣ ነበረው። ማልቶዴክስትሪን እርጥበት ይስባል፤ ክዳኑን ረስቼ ምሳ ወጥቼ ስመለስ ዱቄቱ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ።

ነሐሴ ላይ የሠራሁትን በቡናማ ጠርሙስ ከሲሊካ ጄል ጋር ዘግቼ አስቀመጥኩና ኅዳር ላይ ከፈትኩት። ወረቀት ላይ ተጫንኩት፣ የዘይት ነጠብጣብ አልታየም። ውሃ ጨመርኩበት። ጋሼ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስተው አገላብጠው አዩትና፣ “ይሄኛው ይዟል” አሉ። ቫይታሚኑ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየው ልኬት ገና አላለቀም፤ በሚቀጥለው ሳምንት የማሽኑ ተራ ይደርሰኛል።